የወፍ ድርሻ

ከጎንደር እህል ተራ እስከ ሰሜን ተራሮች፦ ወፍ ምን ይበላል? ምንስ ቢሰጡት ይስማማዋል?

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ እህል ተራ። ኑግ ሻጯ ሰፌዷን ታንገዋልላለች። ደህናው ፍሬ ወደ ኋላ ሲቀር ገለባው፣ አፈሩና ያልሞላው ፍሬ ወደ ሰፌዱ ከንፈር ይሰበሰባል፤ በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ከጀርባዋ ትደፋዋለች። ዞር ብላ አታይም። ከቆርቆሮው ጣሪያ ጠርዝ ሆነው እጇን ሲከታተሉ የቆዩት ድንቢጦች ወዲያው ዱብ ዱብ ይላሉ።

ጠጋ ብሎ ላያቸው አበላላቸው ጥበብ አለው። የኑግ ፍሬ ጥቁር፣ ቀጭንና የምታብረቀርቅ ናት። ድንቢጧ በምላሷ ታዟዙራትና በቁመቷ ከምንቃሯ ጠርዝ ላይ ታጋድማታለች። አንዴ ጫን ስታደርጋት ጥቁሩ ልባስ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይወድቃል፤ ነጩ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ትንሽ ቆይቶ መሬቱ ላይ የሚቀረው ባዶ ልባስ ብቻ ነው።

ኑግ ሻጮቹን ስለ ወፎቹ ቢጠይቋቸው ብዙም አይጨነቁም። «ለወፍም ዕድሏ አላት» ይላሉ። ጤፍ ሻጮቹ ግን እንዲህ ቸር አይደሉም። ጤፍ ውድ ነው፤ ከጆንያው አፍ ላይ ርግብ ያረፈች እንደሆነ ጭራ ይነሳል።

በተረትና ምሳሌያችን የተጠጋትን ሰሊጥ ከራሷ ጋር የምታስወቅጠው ኑግ አሜሪካ ስትደርስ ወቀጣ አይጠብቃትም። እዚያ በከረጢት ታሽጋ፣ የወፍ ሥዕል ተለጥፎባት ትሸጣለች። ገዢዎቹ በክረምት ከጓሯቸው ዛፍ ላይ ቱቦ መሳይ መያዣ ይሰቅላሉ፤ ቀዳዳዎቹ ለኑግ ቅጥነት ተለክተው የተበሱ ናቸው። ጎልድፊንች የሚባሉት ትናንሽ ወፎች እዚያ ላይ ተንጠላጥለው ይለቅሟታል። ለዚህ ገበያ ኑግ ከሚልኩት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ሕንድና ምያንማር ይገኛሉ። አሜሪካ ከመግባቷ በፊት ግን በ120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ለ15 ደቂቃ መታመስ አለባት። ለዚህም ምክንያቱ ከኑግ ማሳ የማይጠፋው፣ በሰብሉ ላይ ክር እየመሰለ ተጠምጥሞ የሚመጠው ጥገኛ አረም ነው፤ ዘሩ አብሮ ገብቶ እንዳይበቅል ይፈራል። የታመሰች ኑግ አትበቅልም፤ ዘይቷ ግን ሳይነካ ይቆያል። ወፏም የምትፈልገው ዘይቱን ነው። ኑጓ ቆይታ ከደረቀች እነዚያው ወፎች ጥለዋት ይሄዳሉ።

ጎንደር ላይ «ለወፍ የሚሆን ኑግ ስፈሪልኝ» ብሎ ጆንያ ፊት የሚቆም ሰው ቢገኝ እህል ተራው በሳቅ ይፈርሳል። ቢሳቅም አይገርምም። እዚህ አገር ለዱር ወፍ ምግብ ተገዝቶለት አያውቅም። ከሰፌድ የሚደፋው፣ ከአውድማ የሚቀረው፣ ከቄራ የሚጣለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ዛፍ የሚረግፈው ሁሉ ድርሻው ሆኖ ኖሯል። ችግሩ የመጣው ድርሻው ውስጥ ጨው፣ ሻጋታ፣ መድኃኒትና መርዝ ሲገባ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማው ውስጥ ወፍ አስበው የሚመግቡ ሰዎች አሉ፤ ርግብ የሚያረቡ ልጆች፣ ግቢያቸውን በአበባ የሞሉ ጡረተኞች፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች። አብዛኞቹ የሚሰጡት ከማዕድ የተረፈውን ነው። ከማዕድ የተረፈ ሁሉ ግን ለወፍ አይሆንም።

«እዚህ አገር ለዱር ወፍ ምግብ ተገዝቶለት አያውቅም፤ ድርሻው ግን ሳይቀርበት ኖሯል።»

ምንቃሩን ማየት ነው

አንድ ወፍ ምን እንደሚበላ ለማወቅ መጽሐፍ ከማገላበጥ ምንቃሩን ማየት ይቀላል።

አጭር፣ ወፍራምና ሾጣጣ ከሆነ ጥሬ ፈልፋይ ነው። ድንቢጥ፣ ከዛፍ ላይ ጎጆዋን የምታንጠለጥለው ቢጫዋ ሸማኔ ወፍ፣ በደጋው የገብስ ማሳ ዳር የሚሰፍሩት ራሳቸው የጠቆረ ትናንሽ ወፎች ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላና ኑግ ይስማማቸዋል። ይሁንና እነሱም ጥሬ በል የሚሆኑት ካደጉ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ከጎጆ የወደቀች ጫጩት አንስቶ ደረቅ ስንዴ በአፏ የሚጨምር ልጅ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ የምትሞተው ግን በእጁ ላይ ነው።

ረጅሙና የተቆለመመው የጋጋኖ ምንቃር መሬት ይወጋል። ዝናብ ካባራ በኋላ ሰማዩን በጩኸት እየሞሉ ሜዳው ላይ የሚያርፉት ጋጋኖዎች የሚፈልጉት ትል፣ እጭና ጥንዚዛ ነው። ዳቦ ቢወረወርላቸው ለሌላ ወፍ ይተዉታል። እነሱን መመገብ የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ሜዳውን ሲሚንቶ አለማልበስ።

ቀጭንና ጎበጥ ያለው ምንቃር የአበባ ቀሳሚዎቹ ነው። ከእነሱ አንዱ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ወስዷል። ወንዱ ለዓይን ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ወይን ጠጅና ነሐስ ያንጸባርቃል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ አበሻ ምድር ስላደረገው ጉዞ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1814 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ነው ይህ ወፍ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው። አንዳንድ ማረፊያ ቤቶች ለእነዚህ ወፎች ስኳር በውሃ በጥብጠው ይሰቅላሉ። ሲኮመጥጥ ቶሎ ካልተቀየረ ይጎዳል፤ ደግሞም የአበባው ወለላ ብቻውን አይበቃቸውም፣ ሸረሪትና ጥቃቅን ነፍሳትም ይለቅማሉ። ከአጥር ጥግ ራስ ክምርና እሬት የተከለ ሰው ወለላውንም ነፍሳቱንም በአንድ ላይ አቀረበ ማለት ነው፤ ጠርሙስ ማጠብም አይኖርበትም።

ፍሬ በሎቹን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአፄ ፋሲልን መዋኛ የካብ ግንብ በሥሮቻቸው ጨምድደው የያዙት የሾላ ዘመዶች ፍሬ ሲይዙ ከታች የቆመ ሰው ራሱ ላይ ፍርፋሪ ይዘንብበታል። የሾላ ዘር ትልቅ ጥቅሙ ሁሉም ዛፍ በአንድ ወቅት አለማፍራቱ ነው፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይደርሳል፣ ሌላ ፍሬ በሌለበት ወራትም ዛፉ ገበታውን አያነሳም። ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ የሚታይባት አረንጓዴዋ ቱራኮ፣ ርግቦችና ዋኖሶች፣ ትንሿ ጥቁር ክንፍ በቀቀንም ይህን ገበታ ይካፈላሉ። ከሆዳቸው የወጣው ዘር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስንጥቅ ላይ ወፍ ዘራሽ ሾላ ሆኖ ይበቅላል፤ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ይህን ውለታ እንደ ውለታ አይቆጥሩትም።

ስለ በርበሬ ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ። ወፍን አያቃጥላትም። እኛን ላብ በላብ የሚያደርገን የበርበሬ ቅመም ወፎች ላይ የሚነካው ስሜት የለም። ዶሮ የተሰጣ በርበሬ ላይ ወጥታ ፍሬውን እየመረጠች የምትበላው ለዚህ ነው። የዱር በርበሬን ዘር በዓለም ላይ ሲበትኑ የኖሩትም ወፎች ናቸው። ስለዚህ የተረፈ ወጥ ለወፍ የማይሆነው በበርበሬው ሳይሆን በጨውና በዘይቱ የተነሳ ነው።

የርግብ ማዕድ

ጎንደር ውስጥ ወፍ ያረባል ከተባለ ከዶሮ ቀጥሎ የሚታሰበው ርግብ ነው። ከጣሪያ ሥር የተቸነከረ የጣውላ ሳጥን፣ ፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ከሥሩ መቆሚያ ዱላ። ባለቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ታዳጊ ልጆች ናቸው። ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ ተነስተው አንድ ጭብጥ ስንዴ ወይም ማሽላ ይበትናሉ፤ ማታ ደግሞ መጥተው የጎደለ ካለ ይቆጥራሉ። የጎረቤት ርግብ ተከትላ ከመጣች ጠብ አለ።

ርግብ እንደ ድንቢጥ አትፈለፍልም። ያገኘችውን ጥሬ እንዳለ ትውጠዋለች። ጥርስ የላትም፤ የሚፈጭላት ጡንቻማ ጨጓራዋ ሲሆን መጅ የሚሆነው የዋጠችው ደቃቅ ጠጠር ነው። ግቢው ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ በሆነበት ቤት ውስጥ የምትኖር ርግብ ይህን አታገኝም። አንድ ጣሳ ሻካራ አሸዋ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አሳቢው ግን ጥቂት ነው። ለእንቁላሏ ቅርፊትም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ የተቀቀለ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት አድርቆ ሰልቆ ከእህሉ ጋር መቀላቀል ይበቃል።

ልጆቹ ስንዴ ብቻ ወይም በቆሎ ብቻ ይሰጣሉ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ማለት ነው። ወፎቹ በዚህ አይሞቱም። ጫጩት ማሳደግ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይታያል። የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት ከሁለት እጅ ብርዕና አገዳ እህል ጋር አንድ እጅ ያህል ጥራጥሬ፣ ለምሳሌ አተር ወይም ምስር መቀላቀል ነው። በቆሎው ከከበዳቸው ይከካል። የርግብ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትመገበው ወላጆቿ ከጉሮሯቸው የሚያመነጩትን እርጎ መሳይ ምግብ ነው፤ እናትም አባትም ያመነጫሉ። ስለዚህ ጫጩቷን ከወላጆቿ ነጥሎ «እኔ አሳድጋታለሁ» ማለት ዕዳ መግባት ነው።

ስለ እንጀራ የሚነሳው ክርክር አያልቅም። «ጤፍ አይደለም እንዴ? ጤፍ ደግሞ የወፍ ምግብ ነው» የሚሉ አሉ። ጤፉ እውነት ነው። እንጀራው ግን ርጥብ ነው፣ ከፀሐይ ሥር ከሰዓት በኋላ ይሻግታል፣ ሆድ ሞልቶም ሌላውን እንዳይበሉ ያደርጋል። ትንሽ የደረቀ ፍርፋሪ የሚጎዳው ነገር የለም፤ የዕለት ቀለብ ሲሆን ነው ነገር የሚበላሸው። ዳቦም እንዲሁ ነው፣ እሱ ላይ ጨው ይጨመራል። የወፍ ኩላሊት ጨው የማስወገድ አቅሙ ደካማ ነው፤ የተረፈ ወጥ፣ በጨው የታሸ ቆሎና ቺፕስ ለዚህ ነው የማይሰጡት።

ጭማቂ ቤቶች ደጃፍ ላይ የሚደፋው የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ሌላው ነው። አቮካዶ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የብዙ ወፎችን ልብ ይጎዳል፤ በተለይ የቤት በቀቀን ካለ ከአጠገቧ አለማድረስ ነው። ቡናና ቸኮሌትም ክልክል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሻጋታ ነው። የነቀዘና የሻገተ እህል «ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮና ለርግብ ይሁን» ተብሎ ሲሰጥ ማየት የተለመደ ነው። በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይበላል፤ ሻጋታውን አራግፈው ቢያስወግዱት፣ እህሉን ቢቆሉትም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የኑግ ዘይት ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ በተለይ በዚህ ይታማል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚመረት ወተት ላይ በተደረገ ጥናት መርዙ ወተቱ ውስጥ ሲገኝ ጣት የተቀሰረው ላሞቹ የበሉት ፋጉሎ ላይ ነበር። ላሟን አልፎ ሰው ዘንድ ከደረሰ፣ መዳፍ የማታህል ርግብ ምን ያህል ትችለዋለች?

ጎተራ ውስጥ የነቀዝ ክኒን የገባበት፣ ወይም ለዘር ተብሎ በቀለማም መድኃኒት የታሸ እህል ጭራሽ አይነካም። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ልጁ ግን ላያውቅ ይችላል።

«የሻገተው ለዶሮና ለርግብ ይሁን» ማለት መርዙን ለሚያንሰው መስጠት ነው።

በኬጅ ስለሚቀመጡት ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ባጂ የሚባሉትን ትናንሽ የአውስትራሊያ በቀቀኖች የሚገዛ ሰው አለ፤ አንዳንዱ ጎንደርም ይዟቸው ይመጣል። ዳጉሳ ይወዳሉ። ጥሬ ብቻ ከሆነ ግን ቫይታሚን ያጥራቸዋል፤ የታጠበ ጎመንና የተፋቀ ካሮት መጨመር አለበት። ስለ አገራችን ጥቁር ክንፍ በቀቀን አውሮፓውያን አርቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ ይዘዋት የተማሩት ነገር አለ፤ ያለ ሾላ ዘመድ ፍሬ ጤናዋ አይጸናም። እኛ ዘንድ ከደጃችን ዛፍ ላይ የምትበላውን እዚያ በለስ አድርቀው ይገዙላታል። እሷን ከዛፉ ላይ ይዞ ኬጅ ውስጥ መክተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ወፍም የዱር እንስሳ ናት።

ማማ ላይ

ከከተማው ወጥቶ ወደ ደምቢያ ሜዳ ወይም ወደ ዳባት ለሚሄድ ሰው ወፍ መመገብ የሚለው ወሬ ቀልድ ይሆንበታል። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ይውላሉ። ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ የሚቀረው አንዳንዴ በወፍ የተነሳ ነው። ቆላው ውስጥ፣ መተማና ቋራ ላይ፣ ግሪሳ እንደ ደመና ሲወርድ ጅራፉም አይበቃም።

ገበሬው ግን ሁሉንም ወፍ በአንድ ዓይን አያይም። ጥሬ የሚለቅመውን ያባርራል፤ ከበሬው ኋላ በእርሻው ትልም ላይ እየተከተለ ትል የሚለቅመውን ግን ማንም አይነካውም። ከመኸር በኋላ ደግሞ ጠቡ ይበርዳል። ከሩሲያ የሚመጡት ክሬን የተባሉ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ክረምታቸውን ጣና ዙሪያ የሚያሳልፉት በብዙ ሺህ ሆነው ነው። ቀን ላይ የታጨደው ማሳ ላይ ተሰማርተው የወደቀ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ማታ ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ ቆመው ያድራሉ። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ሲመዘገብ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ይህ የወፍ ሀብት ነው። ለእንግዶቹ ቀለብ የሚሰፍርላቸው የለም። ማሳው በእጅ ሲታጨድ ጥቂት ፍሬ ይረግፋል፤ የእነሱ ድርሻ እሱ ነው።

ኑግ ደግሞ በማሳ ዳር የምትዘራው ለወፍ ታስቦ አይደለም። ከብት ስለማይወዳት አጥር ትሆናለች። ቢጫ አበባዋ ንብ ይጠራል፣ ንቡ ሌላውን ነፍሳት፣ ነፍሳቱ ወፉን። ገበሬው ይህን በፕሮጀክት ስም አልሠራውም።

ቄራ፣ ጾምና ጥንብ አንሳ

ስለ ወፍ ምግብ ሲነሳ ድንቢጥና ርግብ ብቻ የሚታሰበው ስለሚያምሩ ይመስለኛል። ከሁሉም በላይ በእኛ ላይ ጥገኛ የሆነው ወፍ ግን መላጣው ነው።

ቄራ ባለበት ከተማ ሁሉ ጥንብ አንሳ አለ። ፊቱ ገረጣ ብሎ ሲቆጣ የሚቀላው ትንሹ ዓይነት ከሰው ጋር በጣም ተላምዷል፤ ሥጋ ቤት ጀርባ ቆሞ ቁራጭ ይጠብቃል። የሥጋ ቤት ሰዎች ወፎቹ ጾም መግባቱን ያውቃሉ ብለው ይቀልዳሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቢላዋው ሲያርፍ ከቄራው ጣሪያ ላይ የሚሰለፈው ቁጥር ይሳሳል። በትግራይ ጅቦች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን የመሰለ ነገር በማስረጃ አሳይቷል፤ በዐቢይ ጾም የቄራ ተረፈ ምርት ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን ያዘነብላሉ። ጥንብ አንሳ ግን የማደን ነገር አይሆንለትም። የሞተ ያገኛል ወይም ጦሙን ያድራል።

ስለዚህ ለእሱ ተስማሚ ምግብ ማለት ንጹሕ ሬሳ ማለት ነው። ንጹሕ ስል ያልሸተተ ማለቴ አይደለም፤ የሚሸተውን ሆዱ ይችለዋል። የማይችለው መድኃኒትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድና በጎረቤቶቿ ጥንብ አንሳ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ አለቀ። ገዳዩ ሁላችንም ወገባችንን ሲያመን የምንወጋው ዳይክሎፌናክ ነበር። የታመመች ላም ትወጋለች፣ ትሞታለች፣ ሬሳዋን የበላው ወፍ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ያቆማል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ አገዱት። ሥራውን የሚተካ፣ ወፍ የማይገድል ሜሎክሲካም የተባለ መድኃኒት አለ። የከብት ሐኪም ሲጠራ ይህን መጠየቅ የባለ ከብቱ ፋንታ ነው።

ሌላው ገዳይ መርዝ የተቀባ ሥጋ ነው። ለጅብ፣ ለነብር ወይም ባለቤት ለሌለው ውሻ የተዘረጋው ሥጋ የተዘረጋለትን ብቻ አይጠብቅም። አንድ ውሻ ይሞታል፣ ውሻውን የበሉት ጥንብ አንሳዎች ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በእኛ ሰማይ ከሚዞሩት ጥንብ አንሳዎች አራቱን ዓይነት እጅግ ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ከአራቱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርና ሰሜንን የጎበኘው የጀርመናዊው የኤድዋርድ ሩፔል ስም ያለበት ነው።

ምሳ በሳንቃበር

ከደባርቅ ተነስቶ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚገባ ሰው ሳንቃበር ላይ የመጀመሪያው አስተናጋጅ ቁራ ነው። የሜዳው ቁራ አይደለም፤ ምንቃሩ መጥረቢያ የሚያህል፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ የማይገኝ ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1836 ሲመዘግበው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ምንቃሩን ነበር፤ የሳይንስ ስሙም «ወፍራም ምንቃር» ማለት ነው። ያ ምንቃር የተሠራው ለከብትና ለበቅሎ ፋንድያ ነው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ፋንድያውን ይበትንና ውስጡ ያለውን የጥንዚዛ እጭ ይለቅማል። አሁን ግን የምሳ ሣጥን መክፈትም ተምሯል። ጎብኚው ለፎቶ ብሎ ብስኩት ይወረውራል፤ ቁራው ነገ ሳይወረወርለትም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ከእጅ ይነጥቃል።

ከጎብኚ ጋር የሚወጡ አስጎብኚዎችና ስካውቶች በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ የላቸውም። «አትስጡ» የሚሉት ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ ከእጅ ምግብ የለመደ ቁራ የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይዳፈራል ሲሉም ይሰጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዝምታ ያልፋሉ፤ ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ጎብኚ ብርቅ ሆኗል፣ የመጣውን ማስከፋት አይፈልጉም። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የወጣው ብስኩት ተበትኖለት አይደለም። ሣሩ፣ ጅብራው፣ ገደሉ ስለተጠበቀ ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆና ትኖርና አንድ ጊዜ አብባ ትሞታለች፤ ያቺ አበባ ስትቆም አበባ ቀሳሚዎቹ በዚያ ብርድ መሐል ከላይ እስከ ታች ሲወጡባትና ሲወርዱባት ይውላሉ። ያንን ማንም በሣጥን ይዞ አይወጣም።

አገሩ ለወፍ ባዕድ አይደለም። ሦስት ወፎች ዜማ አሳዩት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በዚሁ በሰሜን እንዳሳለፈ ይተረካል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያየ ሁሉ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣዋን ወፍ ያውቃል። ለተጠማች ወፍ ውሃ መስጠት ለማንም አዲስ ትምህርት አይሆንም፤ በበጋ፣ ወንዙ ሲሳሳ፣ ከዘር ይልቅ የሚያስፈልጋትም እሱ ነው። ጠፍጣፋ ሳሕን፣ ሁለት ጣት ጥልቀት፣ በየዕለቱ የሚታጠብ። መታጠቡ ቀልድ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ግሪንፊንች የተባለውን ወፍ የፈጀው በሽታ የተዛመተው በቆሸሸ መመገቢያና መጠጫ ላይ ነው።

ደባርቅ ውስጥ ግቢያቸው ለእንግዳ ክፍት የሆነ ሰዎች ሌላ ነገር ያስጨንቃቸዋል፤ አጥንት። ከገደሉ በላይ የሚያንዣብበው ጢማሙ ጥንብ አንሳ አብዛኛው ምግቡ አጥንት ነው። የማይዋጠውን ይዞ ይወጣና ከከፍታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ካልተሰበረ ደግሞ ይደግመዋል። የሆዱ አሲድ የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ከየግቢው የሚወጣው የበግና የፍየል አጥንት ለእሱ ንጹሕ ምግብ ነው፤ ጨው ያልነካው፣ መድኃኒት የሌለበት ከሆነ። «የት ነው የሚጣለው?» ይላሉ። ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ቢጥሉት ውሻ ይቀድማል፤ ውሻ ሲበዛ መርዝ ይመጣል፤ መርዙ ደግሞ ወደ ወፉ ይመለሳል። ገደሉ አፋፍ ወስዶ መጣል መኪና ይፈልጋል። እስካሁን የተስማሙበት ቦታ የለም፤ ባለፈው ፋሲካ አንዳንዱ ቀበረው፣ አንዳንዱ ለውሻው ሰጠው።